የግንባታ ሠራተኛው ጭንቀቱን ለማን ይንገር?

ባለፈው ክረምት ከእኛ ክፍል ሦስት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ተመድበን በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ሁለት ወር ያህል ቆይተን ነበር። ሕንፃው ባለ ዘጠኝ ፎቅ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ከታች እስከ ላይ የተደረደረበት፣ በከተማችን በየመንገዱ ዳር ከምናያቸው ሕንፃዎች በምንም የማይለይ ነው። የእኛ ሥራ የፌሮውን ቁጥርና ውፍረት ከፕላኑ ጋር ማመሳከር፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ቆሞ መመልከት፣ ማታ ማታ ደግሞ ሪፖርት መጻፍ ነበር።

እዚያ ከነበሩት ፌራዮዎች መካከል አንዱ ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ፣ ከገጠር የመጣ ሰው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ኢንጂነሮቹ መጡ፣ አጭሩን ፌሮ ደብቁ!» እያለ ያስቀን ነበር። ወደ ነሐሴ መጨረሻ ግን ዝም አለ። ምሳ ሰዓት ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሁለት ቀን ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር። መቁረጫውን ለሌላ ሠራተኛ በነጻ ሰጥቶት አየን። ነገሩ ስላሳሰበን ካቦውን «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ተዉት፣ ወንድ ልጅ አይደለም እንዴ? ይችለዋል» አሉን። ካቦው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም ሲያድጉ የተነገራቸው ይኸው ነው። እኛም ተውነው። በሳምንቱ ልጁ የሠራበትን ሒሳብ እንኳ ሳይቀበል ቀረ። ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። በማግሥቱ በቦታው ሌላ ፌራዮ ገባ።

ሦስታችንም አንድ ምሰሶ ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ማስላት ተምረን ፈተናውን አልፈናል። ዳሩ ግን ለዚያ ሰው አንዲት ጥያቄ ማቅረብ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። በሪፖርታችንም ላይ ስለ እሱ አንድ ቃል አልጻፍንም፤ ለዚህ የሚሆን ሠንጠረዥ አልነበረውምና።

ከተመለስን በኋላ ነገሩ ከሐሳባችን ስላልወጣ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን መፈለግ ጀመርን። ሐኪሞች አይደለንም፤ የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተት ቢያገኙብን በሚቀጥለው እትም ያርሙን። የተረዳነውን ያህል ግን ለአንባቢ እናካፍላለን።

የሕንፃ ሥራ አደጋ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ከላይ የወደቀ ሰው ወይም የተናደ አፈር ነው። ይህ በእውነትም አደጋ ነው። ነገር ግን መዝገብ በሚገባ በሚያዝባቸው አገሮች የተደረገው ምርመራ ሌላ ነገር ያሳያል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ32 ግዛቶች የተያዘውን የእ.ኤ.አ. 2016 መዝገብ መርምሮ በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ ሠራተኛ ወንዶች መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ከ100,000 ሰው 27.4 ሲሆኑ፣ በግንባታ ኢንዱስትሪ ያሉት ወንዶች ግን 45.3 መሆናቸውን ገልጿል። በእንግሊዝ አገር ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የሞቱትን የመረመረው የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ልዩ ሙያ የሌላቸው የግንባታ የጉልበት ሠራተኞች ራሳቸውን የማጥፋታቸው ዕድል ከአገሪቱ ወንዶች አማካይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። በአውስትራሊያም ከዚህ በታች የምንተርክለት ድርጅት፣ አንድ የግንባታ ሠራተኛ በሥራ ላይ አደጋ ከመሞት ይልቅ ራሱን በማጥፋት የመሞቱ ዕድል ስድስት ጊዜ ያህል ይበልጣል ይላል። እንግዲህ የራስ ቁር የምናለብሰው፣ ቀበቶ የምናስታጥቀው ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ቁርና ቀበቶ በማያድኑት ነገር ነው ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሌላ አገር ቁጥሮች ናቸው። ገልብጠን ለእኛ አገር ማድረግ አይገባንም። ምክንያቶቹን ስንመለከት ግን ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሳይሆኑ ከሥራው ጠባይ የሚመነጩ ሆነው እናገኛቸዋለን።

የመጀመሪያው ነገር ሥራው የሚያልቅ መሆኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ዛሬ በትጋት ቢሠራ ነገም ፋብሪካው በቦታው አለ። የግንባታ ሠራተኛ ግን በትጋት በሠራ ቁጥር ሥራ ፈት የሚሆንበትን ቀን ያቀርባል። ጣራው ሲለብስ፣ ኮርኒሱ ሲያልቅ፣ ሰዎቹ ይበተናሉ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ወዳጅነት እንኳ አይጸናም፤ ትናንት ባሬላ አብረው የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ዛሬ በከተማው ሁለት ዳርቻ ናቸው፤ አንዱ ቢለወጥ «አንተ ልማድህ ይህ አልነበረም» የሚለው የለም። ሰው መለወጡን የሚያውቀው ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። የቀን ሠራተኛው ዝናብ ሲዘንብ፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ሥራው በክርክር ሲታገድ ገቢው በዚያው ቀን ይቋረጣል። በአገር ቤት ያሉት ወላጆች ወይም ሚስት ግን ከተማ የገባ ሰው ሁልጊዜ ገንዘብ ያለው ይመስላቸዋል። አካሉም እንዲሁ ነው፤ በሃያ ዓመቱ ያልታየው የወገብ ሕመም በሠላሳ አምስት ዓመቱ ይመጣል፤ ሕመም እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐሳቡ ይጨልማል፤ ያንን ለማደንዘዝ ከሥራ በኋላ አረቄ ወይም ጫት ይፈለጋል። መጠጥ ለአንድ ሌሊት ይረዳ ይመስላል እንጂ በማግሥቱ የሚመልሰው ጭንቀቱን ከነወለዱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምናልባት ጸጥታው ነው። እኛ አገር «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ በተለይ ለወንድ ልጅ ችሎ መኖር እንደ ክብር ይቆጠርለታል። በግንባታ ሥራ ደግሞ ክብር ማለት ጉልበት ነው፤ ደከመኝ ያለ ሰው ነገ አይጠራም። በዚህ ላይ የአእምሮ ሕመም ሲባል በእኛ ዘንድ የሚታሰበው ልብሱን ጥሎ በጎዳና የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። እኛ ራሳችን በመኝታ ቤታችን ጓደኛችን ትንሽ ሲበሳጭ «አማኑኤል እንውሰድህ?» እያልን እንሳሳቃለን። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን ሰው እንደ ረዳ እያወቅን፣ ስሙን ስድብ አድርገነዋል። የተማረው እንዲህ ካደረገው፣ ከገጠር የመጣው ወጣት «ልቤ ተጨንቋል፣ ሐኪም አሳዩኝ» ብሎ እንዲናገር እንዴት እንጠብቃለን? እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ በሚወዱት ነገር አለመደሰት፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር፣ እነዚህ ለሳምንታት ሲቆዩ ድብርት የሚባለው ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ሕክምናም አላቸው። እብደት አይደሉም፤ የወንድነት መጉደልም አይደሉም።

አሁን ወደ አውስትራሊያው ነገር እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሳበን እሱ ነው።

በኩዊንስላንድ ግዛት የግንባታ ሠራተኞች ሥራቸው ሲያልቅ የሚረዳ አንድ ተቀማጭ ገንዘብ አለ። ይህ ተቋም ሠራተኞቹ ራሳቸውን እያጠፉ መሆኑ ስላሳሰበው ጉዳዩ በግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እንዲያጠኑት አደረገ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በተለይ ወጣቶቹ ሠራተኞች ከእኩዮቻቸው የበለጠ አደጋ ላይ መሆናቸውን አሳየ። በዚህ መነሻ በ2008 «ሜትስ ኢን ኮንስትራክሽን» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙን በእኛ ቋንቋ «የግንባታ ባልንጀሮች» ብንለው ያስኬዳል። ከመሥራቾቹ አንዱና ለብዙ ዓመት የመራው ዮርገን ጉለስትሩፕ ቀድሞ የቧንቧ ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ነው። ድርጅቱን አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በአንድነት ያስተዳድሩታል፤ በደመወዝ ጉዳይ የሚጣሉት ሁለት ወገኖች በዚህ ነገር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው።

አሠራሩ የቆመው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው። ጭንቀት ያለበት ሠራተኛ ወደ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ስልክም አይደውልም፤ ከጎኑ ለሚሠራው ሰው ግን ምናልባት ይናገራል። ስለዚህ ሐኪሙን ወደ ሥራው ቦታ ከማምጣት በፊት ጎረቤቱን ማዘጋጀት ይበልጣል።

ይህም የሚደረገው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በሥራው ቦታ ላሉት ሁሉ፣ ከሥራ መሪው ጀምሮ እስከ ጠራጊው ድረስ፣ አንድ ሰዓት ያህል ትምህርት ይሰጣል፤ ችግሩ መኖሩንና ምልክቶቹን ያስረዳል። አንድ የሥራ ቦታ በድርጅቱ ዘንድ የታወቀ ለመሆን ቢያንስ 80 ከመቶው ሠራተኛ ይህን ትምህርት መስማት አለበት። ቁጥሩ ከፍ እንዲል የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጥቂቶች ብቻ ቢሰሙ ወሬው ሐሜት ይሆናል፤ ሁሉም ከሰማ ግን መናገር ነውር መሆኑ ይቀራል። ከትምህርቱ በኋላ ፈቃደኛ የሆኑት ይመረጡና ጥቂት ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው «አገናኝ» ይሆናሉ። አገናኙ እንደ ማንኛውም ሰው ግንበኛ ወይም አናጢ ሆኖ ሥራውን ይሠራል፤ ልዩነቱ በራስ ቁሩ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነው፤ የተጨነቀ ሰው ማንን ማነጋገር እንደሚችል በዚያ ያውቃል። የአገናኙ ተግባር ማከም አይደለም። ማየት፣ መጠየቅ፣ ሰውየውን ብቻውን አለመተውና ወደሚረዳው ሰው ማድረስ ነው። ሦስተኛዎቹ ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥልጠና የወሰዱ ሲሆኑ፣ ራሱን ሊጎዳ ከሚያስብ ሰው ጋር ተቀምጠው ለጊዜው ደኅና የሚሆንበትን መንገድ ይመክራሉ።

ከእነዚህ በስተጀርባ ደግሞ ጉዳይ ተከታታዮች አሉ። ይህኛው ክፍል በጣም ያስገረመን ነው። ሠራተኛው ሲደውል ወዲያው ወደ ሐኪም አይመሩትም፤ አስቀድሞ ምን እንዳስጨነቀው ይጠይቁታል። ዕዳ ከሆነ ስለ ዕዳ ወደሚመክር፣ ከሚስቱ መለያየት ከሆነ የቤተ ሰብ ጉዳይ ወደሚያውቅ፣ መጠጥ ከሆነ ለዚያ ወደ ተዘጋጀ ቦታ፣ ድብርት ከሆነ ወደ ሐኪም ይወስዱታል። ከዚያም ደርሶ እንደ ሆነ መልሰው ይጠይቁታል። ጭንቀት ብዙ ጊዜ መነሻ አለው፤ መነሻውን ትቶ ኪኒን ብቻ መስጠት የሚያፈሰውን ጣራ ትቶ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ይህ ሁሉ ውጤት አስገኝቷል ወይ? በአውስትራሊያ ከ2001 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ራሳቸውን የሚያጠፉት የግንባታ ሠራተኞች መጠን ቀንሷል። ሆኖም አሁንም ከሌሎች ሠራተኞች ይበልጣል፤ መቀነሱም ሁሉ ከዚህ ድርጅት የተነሣ ነው ማለት አይቻልም፤ በእነዚያ ዓመታት ሌላም ብዙ ነገር ተለውጧልና። ሥራው ከኩዊንስላንድ አልፎ ወደ ሌሎች ግዛቶችና ወደ ኒው ዚላንድ መስፋፋቱ ግን ሠራተኛው ራሱ እንደ ተቀበለው ያሳያል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሰውን ስለ ሞት መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም ወይ?» ይል ይሆናል። እኛም እንደዚሁ እንፈራ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት የሚስማሙበት፣ በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ እንደማይዘራ ነው፤ ይልቁንም ብዙዎች ሸክሙ ቀለል ይላቸዋል። «ኑሮ አስጠላህ ወይ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «አዎን» ካለ መገሠጽ፣ መስበክ፣ «ኃጢአት ነው» ብሎ ማስደንገጥ አይረዳም። ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ መማልም አይገባም፤ ለሌላ ሰው መንገር የግድ ይሆናልና። አብሮት መቆየት፣ በዚያው ቀን ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ፣ ከሳምንት በኋላም «እንዴት ሆንክ?» ማለት ያስፈልጋል። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን ሳያማክር እንዳያቋርጥ።

አሁን ጥያቄው ይህ በእኛ አገር እንዴት ይሆናል የሚለው ነው። የአእምሮ ሐኪሞቻችን ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትንና ሌሎችንም የአእምሮ ሕመሞች ለይተው እንዲረዱ ማሠልጠን በመጀመሩ፣ ሥልጠናው በደረሰባቸው ቦታዎች ሠራተኛው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ግን ማን ወደዚያ ያደርሰዋል?

እኛ አገር ሰው ሲጨነቅ የሚደርስለት ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ጎረቤቱ ነው እያልን እንኮራለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕድር አብዛኛውን ጊዜ በሰፈር የቆመ ነው፤ ቤት ያለው፣ በየወሩ የሚከፍል፣ የሚታወቅ ሰው ይገባበታል። በሥራው ቦታ በቆርቆሮ መጠለያ የሚያድረው፣ ወይም ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ በየስድስት ወሩ የሚዛወረው የቀን ሠራተኛ የማንም ዕድር አባል አይደለም። ያ ፌራዮ ሲጠፋ «የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ዕድር አልነበረውም። ያለው ካቦው ብቻ ነበር።

ስለዚህ እኛ እንደሚመስለን በእኛ አገር «አገናኝ» መሆን የሚገባው ከሁሉ በፊት ካቦው ነው። ሠራተኛውን ጧት የሚቆጥር እሱ ነው፤ ማን እንደ ቀረ፣ ማን ሰክሮ እንደ መጣ፣ ማን መሣሪያውን እንደ ሸጠ የሚያውቅ እሱ ነው። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሄድም ብዙ ጊዜ ያንኑ ቡድን ይዞ ነው። በእርግጥ አንድ ችግር አለ፤ የሚቀጥርና የሚያባርርም እሱ ስለሆነ ሠራተኛው ሊፈራው ይችላል። ለዚህ ከሠራተኞቹ መካከል የሚከበር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አብሮ ቢሠለጥን ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ሠራተኛውን ስለ አእምሮ ጤና ሰብስቦ እያስተማረ የሦስት ሳምንት ሒሳቡን የሚይዝበት ተቋራጭ ቢኖር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ሒሳብን በቀኑ መክፈል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ የወሰነውን ማክበር፣ ንጹሕ የማደሪያ ቦታ መስጠት፣ እነዚህም የአእምሮ ጤና ጉዳዮች ናቸው። ሐኪም ሊተካቸው አይችልም።

ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ በራስ ቁር ፕላን ይዘን የምንቆም ነን። በዚህ ዓመት ክረምት ለልምምድ የምንወጣው ተማሪዎች ከመውጣታችን በፊት ከሕክምና ፋኩልቲና ከሳይኮሎጂ ክፍል ጓደኞቻችን ጋር ሆነን የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንዲኖረን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ አቅርበናል። ቀደም ብለን ከተለማመድንበት ሥራ ካቦም ጋር ተነጋግረን ነበር። ነገሩን ሰምተው ዝም ካሉ በኋላ «ያ ልጅ ስልኩ ነበረኝኮ፤ ሒሳቡን እንዲወስድ እንኳ አልደወልኩለትም» አሉን። በፊታችን ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሒሳቡ እስካሁን በእሳቸው እጅ አለ፤ ሁለት ሠራተኞችም በሌሎች የግንባታ ቦታዎች ስለ እሱ እንዲጠይቁ ልከዋል።

ትምህርቱ የሚደረገው በሚቀጥለው ሐሙስ በ10 ሰዓት ከክፍል በኋላ በኅብረቱ አዳራሽ ነው። የምትመደቡበትን የሥራ ቦታና በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ስም ጽፋችሁ ኑ።